ስምንቱ ሰከንድ

ሰኞ። ለዝግጅቱ አርባ ቀን ቀረው።

ይህ ደብተር የእህቴ የልብስ መለኪያ ደብተር ነው። በየገጹ አናት ላይ «ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት» የሚል ታትሞበታል። ግማሹ ባዶ ስለነበር ወሰድኩት።

«ምን ልትለኪበት ነው?» አለችኝ እታለም፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች።

«ራሴን።»

ሳቋ መጥቶ አንዷን መርፌ ልትውጣት ነበር። እህቴ ቀኑን ሙሉ መርፌ በአፏ ይዛ ስለምትውል ብዙ አታወራም። መርፌዎቹን አውጥታ ካወራች ጉዳዩ ከባድ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ለታሪክ ይቀመጥ። ሃያ ዓመት በሆቴልና በሠርግ አዳራሽ የሰው ዘፈን ስዘፍን ኖሬ፣ ዘንድሮ የራሴን አልበም ላወጣ ነው። አሳታሚ የለኝም። በዚህች እፍኝ በማትሞላ አገር ያሉት አሳታሚዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ድምፅሽ ይሻክራል» አለኝ። ሁለተኛው «ዕድሜሽ እኮ...» ብሎ ዝም አለ። ጨርሶ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ስለዚህ በራሴ ነው። ቀረጻው እሑድ እሑድ በእታለም ስፌት ቤት ነው፣ መኪኖቹ ዝም ሲሉ። ከተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ገብቼ እዘፍናለሁ፤ ልብስ ማስተጋባትን ይውጣል ይላል ጆሮ። ጆሮ አቀናባሪዬ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ በጎረቤት ቤት የተበላሸ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ቃናው ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው።

ዘፈኖቹ አሥር ናቸው። ዘጠኙ ደህና ናቸው። አሥረኛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጋሼ ዜማ ነው! የትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪዬ ናቸው፤ «ሻካራዬ» የሚሉኝ ያኔ ጀምረው ነው። የዚህ አገር ዘፋኝ ግማሹ በእሳቸው ዜማ ሰው ሆኗል። እኔን ግን ሃያ ዓመት ስለምናቸው «ይደርስሻል ሻካራዬ» እያሉ አለፉኝ። ይኸው ደረሰኝ። የአልበሙም ስም ከእሱ ነው የወጣው።

ለአልበሙ ምረቃ አዳራሹ ተይዟል። ፖስተሩ ላይ ትንሽ ወፍሬ ወጥቻለሁ። ይሁን።

ረቡዕ። ሠላሳ ስምንት ቀን።

ታክሲ ውስጥ። ጽሑፌን የሚያዘልለው መንገዱ ነው።

ሬዲዮ። አሥረኛው ዘፈኔ። በሌላ ሴት ድምፅ።

ግጥሙ ሌላ ነው። ዜማው ያው ነው። ያቺ ወደ ላይ ወጥታ ልትደርስ ስትል የምትመለሰዋ ቦታ እንኳ አልቀረችም። ሾፌሩ «ወይ ዜማ!» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ወራጅ ማለት አቅቶኝ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ረቡዕ ማታ።

ሚጢጢ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ደጋፊዎቿ ናቸው ሚጢጢ ያሏት። ሬዲዮኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። ሦስት ጊዜ! እኔ ባለፈው ዓመት አንድ ዘፈን ለማስተላለፍ ስድስት ወር ደጅ ጠንቻለሁ።

አሁንም አልተረጋጋሁም። ውሃ ጠጣሁ፤ ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

የኛ ሙያ ወረቀት የለውም። ጋሼ ዜማ ሲሰጡ ስልክሽን ከፍተሽ ፊታቸው ታስቀምጫለሽ። መጀመሪያ ቀኑን ይናገራሉ። ቀጥለው «ይህ ዜማ የእገሊት ነው» ብለው ስም ይጠራሉ። ከዚያ አየር ይስቡና ያንጎራጉራሉ። ውሉም ፊርማውም ማኅተሙም ያ ነው። ስም የተጠራበትን ዜማ ሌላ ሰው አይነካውም። አርባ ዓመት እንዲህ ተኑሯል፤ በዜማ የተነሳ ፍርድ ቤት የቆመ የለም።

እኔም ድምፃቸው በእጄ አለ። በገዛ አፋቸው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የሰጡኝ። ማንም አይክደኝም።

የሚገርመኝ እንዴት እንዳስታወሱት ነው። ከዓመት ወዲህ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱ ሰው ናቸው። ዜማውንማ ጭራሽ

ይህን ሰርዤዋለሁ። ራሴን አሞኝ ነው የምዘባርቀው።

ዓርብ። ሠላሳ ስድስት ቀን።

ሚጢጢ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። የለቀቅኩትን የሠላሳ ሰከንድ ማስተዋወቂያ ሰምታ ነው። ለጠብ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር፤ እሷ ግን በሩ ላይ ጫማዋን ጠርጋ «ደህና ዋልሽ እህቴ» አለች። ጨዋን ሰው መጣላት እንዴት ያስቸግራል!

«ጋሼ ስሜን ጠርተው ነው የሰጡኝ» አለችና ስልኳን ከፈተች። የጋሼ ድምፅ በካፖርቶቹ መሃል ወጣ። «ዛሬ ማክሰኞ፣ ሰባ ስምንት በደፈንኩ ማግስት። ይህ ዜማ የሚጢጢ ነው።»

ያው ማክሰኞ! ለኔም የሰጡኝ ያን ዕለት ነው። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ካውያው አልጋለም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» አልኳት።

«አምስት ሰዓት። ለአራት ነበር የቀጠሩኝ፤ አርፍጄ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እቀድምሻለሁ። አራት ሰዓት ላይ ነው የሰጡኝ።»

እሷም ደነገጠች። «ያንቺ ላይስ ስም ጠርተዋል?» አለችኝ።

«ጠርተዋል» አልኩ።

ጠርተዋል እኮ። አልዋሸሁም።

እታለም ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ። መርፌዎቹ አፏ ውስጥ ነበሩ።

እሑድ። ሠላሳ አራት ቀን።

የቀረጻ ቀን ነበር። አልዘፈንኩም።

ጆሮ የጋሼን ድምፅ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳና፣ «ይሄ ነገር ከመሃል ነው የሚጀምረው» አለ።

«እንዴት ከመሃል?»

«ትንፋሹ። ሰው ሊዘፍን ሲል አየር ይስባል። እዚህ ላይ ከሳቡት ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ግማሹ የት ሄደ?»

«ሽማግሌ ናቸው እኮ። ሽማግሌ ሙሉ ትንፋሽ ከየት ያመጣል!»

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና አየኝ። «ስም የጠሩበትስ የት አለ?»

«ረስተው ይሆናላ። የሚረሱ ሰው አይደሉም?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ጋሼ! እህቴ አፌን በመርፌዋ ብትሰፋልኝ ምን ነበረባት።

ማክሰኞ። ሠላሳ ሁለት ቀን።

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። የሬዲዮው ሰውዬ በቀጥታ ስርጭት፣ «አንጋፋው የዜማ ሰው አንድ ዜማ ለሁለት ዘፋኝ ሸጡ» ብሏል። ሸጡ! ጋሼ ከተማሪዎቻቸው ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

ሦስት ዘፋኞች «የኛንስ ለማን ሰጥተውት ይሆን?» እያሉ ነው። አንደኛው በእሳቸው ዜማ ነው ቤት የሠራው። ኧረ የሰው ነገር!

በኋላ ልጽፍ እመለሳለሁ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ።

ሐሙስ። ሠላሳ ቀን።

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ልሂድ አልሂድ ስል ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። ዓይኗ አብጧል። ቤቱ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። «መታጠቢያ ቤት»። «ቁም ሣጥን»። «ይህ በር ወደ ውጭ ነው፤ ብቻህን አትውጣ አባዬ»። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ በምትጽፍበት በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቷ። ፒያኖው ላይ ሳይቀር «ፒያኖ» የሚል አለ።

«አየሽ ይቺን?» አሉኝ ጋሼ፣ ወረቀቷን በጣታቸው እየነካኩ። «ፍሪጅ ነው ብዬ ወተት እንዳላስቀምጥበት ፈርታ ነው።» ሳቅን። በእውነት ሳቅን፣ እንደ ድሮው።

ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ሻካራዬ፣ እውነት ነው ሁለት ጊዜ ሰጠሁ የሚሉት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«ማክሰኞ ነው ይሉኛል። ማክሰኞን ብፈልጋት ብፈልጋት አጣኋት። አርባ ዓመት ስም ጠርቻለሁ፤ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ከተሳሳትኩ እኮ ከእንግዲህ የማንም ሰው ዜማ የማንም አይደለም።»

እኔ እንጃ ጋሼ አልኩ። ደጋግሜ።

ስወጣ ልጃቸው እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ተማሪዎቹ ሲያዩት መንገድ መሻገር ጀምረዋል» አለች። «ትናንት አንዱን ጠርቶት ሰውዬው አልሰማሁም ብሎ አለፈ። አባዬ ስሙን ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ዋለ። አንቺ ብቻ ነሽ የመጣሽው፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ።

ሰኞ። ሃያ ስድስት ቀን።

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፦ «መጀመሪያ ነገራችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ትዘፍኛለሽ።» የድምፃውያን ማኅበሩ ጉዳዩን ሊያይ ነው። ጋሼን፣ ሚጢጢንና እኔን ጠርቷል፤ ቅጂዎቻችንን ይዘን እንድንቀርብ።

ዜማው የኔ ነው ቢሉ አልበሜ ይወጣል፣ ጋሼ የረሱ አሮጌ ሆነው ይቀራሉ። የሷ ነው ቢሉ እኔ ሌባ ነኝ። ሦስተኛ መንገድ ያለ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌያለሁ።

ሰኞ። አሥራ ዘጠኝ ቀን።

አንድ ሳምንት አልጻፍኩም። ምን ልጽፍ።

ጆሮ ደወለ። «ሙሉውን ቅጂ አምጪልኝና ነገሩን እንዝጋው።» ሙሉው ይኸው ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ጆሮ እሺ ሲል ደስ አይልም።

ረቡዕ። አሥራ ሰባት ቀን።

እታለም መርፌዎቹን አወጣች።

አንድ በአንድ። ትራሱ ላይ ሰካቻቸው። ስድስት ነበሩ። መኪናዋን አቆመችና ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

«ያቺን ማክሰኞ ከጋሼ በር ላይ ሆነሽ ድምፃቸውን ለኔም ልከሽልኝ ነበር፤ ታስታውሻለሽ?»

እንዴት ረሳሁት! በደስታ ስከንፍ፣ ቤት እንኳ ሳልደርስ፣ ገና ሳልነካካው ልኬላታለሁ። የኔን ቅጂ ቤት ገብቼ ቆረጥኩ። የሷ ትዝ አላለኝም። ስለ ጋሼ መርሳት የማወራው እኔ!

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እየሰፋሁ እሰማዋለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው። ስም የጠሩበትን ጭምር። ከልጅቷ ጋር ተነጋግረሽ ይሆናል፣ ትታልሽ ይሆናል ብዬ ነበር። ልጅቷ እዚህ ቆማ ስትጠይቅሽ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ራስሽ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ከረምኩ።»

«እታለም...»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እኔ ምንም አልልሽም። ላንቺ ብዬ ለማኅበሩ አልሄድም፣ ላንቺ ብዬም አልዋሽም። ይኸው መልሼ ልኬልሻለሁ።»

ስልኬ ጮኸ። መርፌዎቿን አንድ በአንድ ወደ አፏ መለሰች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ። ሁሉም ተኝቷል።

እንግዲህ ልጻፈው። ደብተር ላይ ያልጻፍኩትን ሰው ፊት አልናገረውም።

ያን ዕለት ጋሼን ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት፣ ለልደታቸው ሳልሄድ ቀርቼ። ልጃቸው ሥራ ሄዳለች። በሩ ክፍት ነው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከረቫታቸውን አስረው ሰው ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «መጣሽ? ነይ ቁጭ በይ፣ ስልክሽን ክፈቺ» አሉኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው! የአርባ ሁለት ዓመት ሴትዮ፣ እንደ ተማሪ እየሮጥኩ ከፈትኩ። ከዚያ ቀኑን ተናገሩ። ከዚያ ስም ጠሩ።

የኔን አልጠሩም። የሷን ጠሩ።

ዞሬ በሩን አየሁ፤ ሚጢጢ ከኋላዬ የቆመች መስሎኝ። ማንም የለም። ጋሼ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው የሚጢጢን ስም የጠሩት። ደነገጥኩ። ጋሼ እኔን ረሱኝ ብዬ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፦ እኔን ከረሱኝ ይህንንም ይረሱታል። ዝም አልኩ። እሳቸው አንጎራጎሩ። እንደዚያ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም፤ ብሰማ ኖሮ ያን ያህል ክፉ አልሆንም ነበር ይሆናል።

አይነጋ መስሏት አሉ። ቤት ገብቼ፣ መስማት ስላልደፈርኩ ድምፁን ዘግቼ የሞገዱን መስመር ብቻ እያየሁ፣ ስምንቱን ሰከንድ ቆረጥኩ። ቀኑን ልተወው፣ ስሙን ብቻ ላውጣ ብል አልሆነም፤ ተያይዘው ነው የተነገሩት። ስቆርጥ ነው ትንፋሻቸውንም አብሬ የቆረጥኩት።

ዝም ማለት መዋሸት አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። እሳቸው ተሳሳቱ፣ እኔ ዝም አልኩ፣ በቃ። ዛሬ ማታ እታለም የላከችልኝን ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ሰማሁት።

«ዛሬ ማክሰኞ፣ ሰባ ስምንት በደፈንኩ ማግስት። ይህ ዜማ የሚጢጢ ነው።»

ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ሻካራ፦ «እሺ ጋሼ።»

አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። የኔ ድምፅ ነው። እሺ ብያለሁ! በሚጢጢ ስም ሲጠሩኝ እሺ ጋሼ ብያለሁ። ይህን ማለቴን በሞቴ አላስታውስም። ዝም ማለቴን ግን ጥርት አድርጌ አስታውሳለሁ፤ ያልሆነውን።

እህቴ ይህን «እሺ» ስንት ቀን ስትሰማው ከረመች?

ቅዳሜ። አሥራ አራት ቀን።

እንደሆነው ልጻፈው፣ ሳልቀባባ።

የማኅበሩ ቢሮ አንድ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ የተበላሹ ድምፅ ማጉያዎች ተከምረዋል። አሥራ አምስት ሰው ያህል ነበርን። ጋሼ እታለም በሰፋችላቸው ግራጫ ኮት መጡ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ። የተነሳላቸው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ድሮ ጋሼ ሲገቡ ተቀምጦ የሚቀር አልነበረም።

የሚጢጢ ቅጂ ተሰማ። የኔም ተሰማ፣ የተቆረጠው። ሙሉው በኪሴ ነበር። አውጥቼ ላሰማ ነው የመጣሁት፤ ግን ደግሞ አዳራሹ፣ ፖስተሩ፣ ሃያው ዓመት... እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አይወጣም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይህን ዜማ ለማን ነው የሰጡት?»

ዙሪያውን አዩ። ያስቡ ነበር። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል።

«ሻካራዬ ምን አለች?» አሉ።

«ለኔ ነው የሰጡኝ ነው የምትለው።»

«እንግዲያው ሰጥቻታለሁ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «እኔ አላስታውስም፤ አልደብቃችሁም። ሻካራዬ ካለች ግን ነው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሬ አውቃታለሁ፤ ይህች ልጅ አትዋሽም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በኔ ጻፉት።»

ይህን ብለው ብድግ አሉ። ልጃቸው ልትይዛቸው ስትል እጇን ገለል አደረጉ። ወደ ሚጢጢ ዞሩና ጎንበስ አሉ፤ ያ አንገት፣ ያ ሽበት፣ ሃያ አራት ዓመት ለሆናት ልጅ። «ይቅር በይኝ ልጄ። የሰጠሁትን መልሼ ሰጠሁ። ነውር ሠራሁ።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደሆንኩ በትክክል አላውቅም። ወንበር ወደቀ፤ የኔ ነበር። «ቆዩ! ጋሼ ቁጭ ይበሉ! ቁጭ ይበሉልኝ!» እያልኩ ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነካሁት።

ዛሬ ማክሰኞ። የሚጢጢ ነው። እሺ ጋሼ።

የድምፅ ሰዎች ናቸው፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከኋላ አንድ ሰው «ወይ ጉድ!» አለ። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ ሲሳብ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። የጋሼ ልጅ እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ አጥሯ ድረስ ሸኝታ ያመሰገነችኝ ሴት። ዞር ብላ እንኳ አልሰደበችኝም።

«አልተሳሳቱም ጋሼ» አልኳቸው። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሰጡት፣ ለሚጢጢ። ስሟን ጠርተው። እኔ ነኝ ወስጄ የቆረጥኩት።»

አዩኝ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አልተሳሳትኩም?» አሉ።

«አልተሳሳቱም።»

«እሰይ» አሉ። ተቀመጡ። ስለኔ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ወይም እዚያ አልደረሱም። «እሰይ፣ እሰይ» ብቻ።

እሑድ። አሥራ ሦስት ቀን።

ለአንድ ዓመት በማንኛውም መድረክ እንዳልዘፍን ተወስኗል። አዳራሹ ተሰርዟል። መቁጠሩን ለምን እንዳልተውኩት አላውቅም።

ሚጢጢ መውጫው ላይ ጠብቃኝ ነበር። «ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አለችኝ፣ እያለቀሰች። ውሸቷን ነው፣ አትሰጠኝም ነበር። እኔም ብሆን አልሰጣትም ነበር። ግን ይህን ማለቷ አጥንቴን ሰበረው።

ረቡዕ። አሥር ቀን።

በእታለም ስፌት ቤት ቁልፍ እተክላለሁ። ዛሬ ሃያ ሁለት ቁልፍ። ደንበኞች ገብተው ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ጆሮ መጣ። «ዘጠኙ ዘፈኖች ጥሩ ናቸው» አለኝ። «ዓመት ሲሞላ እናወጣቸዋለን። አሥረኛውን አጥፍቼዋለሁ።» በዚህች አገር ማን ይረሳል አልኩት። «አይረሱም» አለ። ጆሮ ለማጽናናት ብሎ አይዋሽም።

ቅዳሜ። ዛሬ ነበር።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መድረክ ላይ እወጣ ነበር። ገጹ ላይ «ቁመት» ይላል። ልኬን አውቄያለሁ፤ ልተወው።

ጠዋት የጋሼ ልጅ ደወለች። «ሻካራዬ ለምን አትመጣም እያለ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋ ደረቅ ነው። «እኔ አልጠራሽም ነበር። እሱ ነው የፈለገሽ።»

ሄድኩ። እታለም «ሂጂ» ያለችኝ መርፌ በአፏ ሳለ ነው፤ ግን በደንብ ተሰማኝ።

ጋሼ ከረቫታቸውን አስረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልክ እንደዚያን ቀን! በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«መጣሽ? ነይ ቁጭ በይ። አዲስ ዜማ አለኝ። ስልክሽን ክፈቺ።»

ልጃቸውን አየኋት። በሩን ተደግፋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ትጠብቃለች። ስልኬን ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ፤ ቀዩ ነጥብ በራ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉ ጋሼ። «ይህ ዜማ የ...» ቆሙ። ፊቴን ፈለጉት። «ስምሽ ማን ነበር ልጄ?»

ወይኔ። ሃያ ዓመት። አንድ ቃል ብቻ ነው። ያውም ውሸት ያልሆነ፣ የራሴ ስም። አሁን እንኳ፣ ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ እንኳ፣ አፌ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። በራሴ ደነገጥኩ።

«ይህኛው የእርስዎ ይሁን ጋሼ» አልኩ። «የራስዎን ስም ይጥሩ።»

«የኔን?» እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔን! እኔ እኮ የራሴ ዜማ ኖሮኝ አያውቅም።»

«አሁን ይኑርዎታ።»

አሰቡበት። ከረቫታቸውን አስተካከሉ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህ ዜማ የኔ ነው።»

«ስም ጥራ እንጂ አባዬ» አለች ልጃቸው ከበሩ።

ዝም አሉ። ረጅም ጊዜ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ «የኔ ነው አልኩ እኮ!» ብለው ተቆጡ፤ ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ አየር ሳቡ፣ ሙሉ ትንፋሽ፣ እና አንጎራጎሩ። መሃል ላይ ጠፋባቸውና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እንደገና ጠፋባቸው። እኔ እዚያች የጠፋችው ቦታ ላይ በቀስታ ያዝኩላቸው፤ አብረን ጨረስነው።

አሁን ለልጃቸው ልኬላታለሁ። አምስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ሳላቸው፣ ቁጣቸው፣ ዝም ያሉበት ጊዜ ሁሉ አለበት። ምንም አልቆረጥኩም።